ከቁልፎቹ አጠገብ የነበረው ጣሳ

«መጣል አላውቅም» አሉ ልብስ ሰፊው፣ ጣሳውን በግራ እጃቸው ደረታቸው ላይ አስጠግተው። «በዚህ ዕድሜዬ ልማርም አልችልም። ቅዳጅ ጨርቅ እንኳ አንድ ቀን ኪስ ይወጣዋል ብዬ አስቀምጣለሁ፤ አንቺ ደግሞ መድኃኒት ይጣል ትያለሽ።»

«ይጣል አላልኩም፣ ጋሼ» አለች የእህታቸው ልጅ። «ለእኔ ይስጡኝ ነው ያልኩት።»

«ሰጥቼሽ ምን ልታደርጊው?»

«መድኃኒት ቤት እወስደዋለሁ። እነሱ በሥርዓት ያስወግዱታል።»

ልብስ ሰፊው ሱቁ ውስጥ አብሯቸው ወደሚሠራው ልብስ ተኳሽ ዞሩ። «ሰማህ? እኛ መጣል የምንለውን የተማሩት ማስወገድ ነው የሚሉት።»

ተኳሹ ካውያውን ሱሪ ላይ እንደ ጫነ ሳቀ። የሰፈሩ ሰው ‹እንፋሎት› ይለዋል፤ ከሥራው የተነሳም፣ ቶሎ ግሎ ቶሎ ስለሚበርድም ነው። ክርክር ሲነሳ የማንም ወገን ሳይሆን በመሀል እየገባ እሳቱን ማራገብ ይወዳል። አሁንም ጋሼ እውነታቸውን ነው፣ ልጅቷም እውነቷን ነው፣ እሱ ግን የሚተኩሰው ሱሪ አለው አለ።

ልጅቷ ሐኪም ቤት ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። ወደ ሥራ ስትሄድ በየማለዳው ሱቁ ጎራ ማለት ልማዷ ነው፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጓት እኚሁ አጎቷ ናቸውና። የዛሬው ጠብ የተነሳው ስለ ጣሳው አልነበረም። እሷ ልታይ የፈለገችው ጣታቸውን ነበር። ልብስ ሰፊው ግን ስለ ጣታቸው ማውራት ስላልፈለጉ ነገሩን ወደ ጣሳው መለሱት፤ ጣሳው ላይ ቢያንስ የሚሉት ነገር አላቸው።

ሱቁ ጠባብ ነው። በመስኮቱ ሥር የስፌት መኪናው፣ ከእሱ ቀጥሎ ረጅሙ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ በበሩ በኩል ደግሞ የተተኮሱ ልብሶች የሚሰቀሉበት ብረት አለ። ከጠረጴዛው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ጣሳዎች ተደርድረዋል። ጥቁር ቁልፍ ለብቻው፣ ቡናማ ለብቻው፣ ነጭ ለብቻው፣ እንደ ዕንቁ የሚያብለጨልጨው የሴቶች ቀሚስ ቁልፍም ለብቻው ነው። ቁልፉ የወለቀበት ኮት ሲመጣላቸው ልብስ ሰፊው አንዴ አየት ያደርጉታል፤ እጃቸው ሳይሳሳት ወደ ትክክለኛው ጣሳ ይሄዳል። በዚህ ሥራ ማንም አይወዳደራቸውም።

የመጨረሻው ጣሳ ውስጥ ግን ቁልፍ አልነበረም። መድኃኒት ነበር። ከሱቁ በላይ ባለው ሕንጻ የሚኖር ሰው ታሞ መድኃኒት ታዞለት ሲሻለው፣ የቀረውን ፍሬ አምጥቶ እዚህ ጣሳ ውስጥ ይጨምራል። ሌላው ሲታመም ደግሞ መጥቶ ይወስዳል። ይህ ልማድ ማን እንደ ጀመረው የሚያስታውስ የለም፤ ነገር ግን ከልማድነት አልፎ ጨዋነት ሆኗል። የታዘዘለትን እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ውጦ የጨረሰ ሰው ማንም ሆዳም ብሎ አልሰደበውም፤ ብቻ ለጎረቤት አላሰበም ተብሎ በዓይን ይታይ ነበር። ስለዚህ ሁሉም ሻል ሲለው ያቆማል፤ አቁሞም የቀረውን ይዞ ይመጣል።

አከፋፋዩ ልብስ ሰፊው ናቸው። ማንበብ አያቅታቸውም፤ ነገር ግን የመድኃኒት ስም ረጅም ነው፣ ቀለም ግን አጭር ነው። ለጉሮሮ ቀይና ጥቁሩ፣ ለሆድ ቢጫው፣ ለቁስል ሰማያዊና ነጩ። ቁልፍን ከኮት እንደሚያዛምዱ መድኃኒቱንም ከሕመሙ ያዛምዱታል፤ የወሰደውም ሰው ብዙ ጊዜ ይሻለዋል፣ ሲሻለውም ያመሰግናቸዋል። ሰው በሚመሰገንበት ነገር ተሳስተሃል ቢባል እንዴት ያምናል?

«እሺ፣ ጣሳው ይቆየን» አለች ልጅቷ። «ጣትዎን ያሳዩኝ።»

«ጣቴ ደኅና ነው።»

«ደኅና ከሆነ የደንበኛዎ የመምህሩ ኮት ላይ እጅጌው ለምን አልተገጠመም?»

እንፋሎት ቀና ብሎ ኮቱን አየ፤ ከዚያ ቶሎ ብሎ ወደ ሱሪው ተመለሰ። ኮቱ እጅጌ አልባ ሆኖ ማንጠልጠያ ላይ ከዋለ ሰንብቷል። እጅጌ መግጠም የእጅ ሥራ ነው፤ መርፌውን ጨርቁ ውስጥ የሚገፋው ደግሞ የቀኝ እጅ መሀል ጣት ነው። ልብስ ሰፊውን መርፌ የወጋቸው ይኸው ጣት ነበር። መርፌ ቢወጋ ለልብስ ሰፊ ብርቅ አይደለም፤ ጣታቸውን መጠጥ አድርገው ሥራቸውን ቀጠሉ። ሲያብጥ ከጣሳው ከቀይና ጥቁሩ ጥቂት ወሰዱ። ጎደለ። ሲጎድል ደግሞ የቀረው ለሌላ ይትረፍ ብለው አቆሙ። ተመልሶ ሲያብጥ ቢጫውን ሞከሩ። ጎደለ፣ ግን እንደ ፊተኛው አልነበረም። አሁን ግን ሰማያዊና ነጩን እየዋጡ እንኳ ጣቱ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ቆዳው እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ ልባቸው በመታ ቁጥር አብሮ ይመታል።

ጨርቁን ሲፈቱላት ልጅቷ ጣቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አየችው። አስተያየቷ ከንግግሯ የበለጠ አስፈራቸው።

«እንግዲህ አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል» አሉ ልብስ ሰፊው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እስቲ ቀስ ብለሽ አስረጂኝ። ድሮ ይኸው ቀይና ጥቁሩ አድኖኛል። አንቺንም በልጅነትሽ ጉሮሮሽ ሲያብጥ ከዚሁ ጣሳ ነው ያስዋጥኩሽ። አሁን ለምን እምቢ አለኝ? ሰውነቴ ለመደው ማለት ነው?»

«አይደለም። የእርስዎ ሰውነት አይደለም የለመደው።»

«እንግዲያው መድኃኒቱ ደክሟል።»

«ጣሳው ውስጥ ጊዜው ያለፈበት ሞልቷል፤ እሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ግን አዲስ ቢገዙም ላይሠራ ይችላል።»

«እኔም አልለመድኩ፣ መድኃኒቱም አልደከመ። ከእኔና ከመድኃኒቱ ሌላ ሦስተኛ ማን አለ?»

«ጀርሙ አለ፣ ጋሼ። የለመደው እሱ ነው።»

ልብስ ሰፊው እንፋሎትን አዩት፤ እንፋሎት ትከሻውን ሰበቀ። በዓይን የማይታይ ነገር ልማድ ሊኖረው ይችላል ብሎ ማሰብ ለሁለቱም ከበዳቸው። ልጅቷ ይህንን አይታ ነገሩን በሌላ በኩል ልትጀምረው ፈለገች። እንፋሎትን ስለ ቤቱ ትኋን ጠየቀችው። የሚረጨው መድኃኒት እንዴት እየሠራለት ነው?

እንፋሎት ይህ ጥያቄ ሲመጣ ካውያውን አቆመው። «አይ የኔ እመቤት፣ የሆዴን አነሳሽብኝ። ድሮ አንዴ ነፋ ካደረግሁት ማለዳ በመጥረጊያ ነበር የምጠርጋቸው። ባለቤቴ መድኃኒቱ ይቆጠብ እያለች እኔም ቆጠብ እያደረግሁ እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ አደርግ ነበር። አሁን ጠርሙሱን ሙሉ ብደፋባቸውም እንደ ሽቶ ተቀብተውት ነው የሚመጡብኝ።»

«ትኋኖቹ ተማሩ ማለት ነው?»

«የሞቱት ምን ይማራሉ? ያልሞቱት ናቸው እንጂ የወለዱት።»

«ይኸው» አለች ልጅቷ ወደ አጎቷ ዞራ። «እሱ በአንድ አፍ ጨረሰው። መድኃኒት ሲመጣ ደካሞቹ ቀድመው ይሞታሉ። ከመካከላቸው የሚቋቋም ካለ ይተርፋል፤ ቤቱም ለብቻው ይቀርለታል፤ የሚወልደውም ራሱን የመሰለ ነው። ሌላ ጊዜ ያንኑ መድኃኒት ቢወስዱ የሚያገኘው እነዚያን ነው።»

ለልብስ ሰፊው ትኋኑ ገባቸው። ከትኋኑ ወደ ጣታቸው የሚወስደው መንገድ ግን ጠፋባቸው። «እንግዲያው ጥፋቴ ማነሱ ነው። አብዝቼ ብወስድ ኖሮ ያልቁ ነበር።»

«ሳያስፈልግ ማብዛትም ያው ነው። እያንዳንዱ ፍሬ ሰውነትዎ ውስጥ ያሉትን ጀርሞች ሁሉ ያገኛቸዋል፤ ጉዳት የሌላቸውን እንኳ ሳይቀር። የተረፉት ይለምዱታል።»

«ላሳንስ?»

«ማሳነስም አይሆንም።»

«ልተወው?»

«ለጉንፋን ከሆነ፣ አዎ፤ ጉንፋን ቫይረስ ነው፣ ይህ መድኃኒት አይነካውም። ለጣትዎ ግን መተው አይቻልም።»

ልብስ ሰፊው ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «አንቺ ልጅ፣ ቆዪ። አይውሰዱ ትዪኛለሽ። ከታዘዘልዎ ደግሞ ሐኪሙ እስካለው ድረስ ይውሰዱ፣ በራስዎ አያቁሙ ትዪኛለሽ። አያስቀምጡ ትዪኛለሽ። ቆሻሻ ውስጥም አይጣሉ ትዪኛለሽ። እና ምን ላድርገው? ገበር ውስጥ ልስፋው?»

እንፋሎት ከልቡ ሳቀ፤ ልጅቷም ሳቋ አመለጣት። ልብስ ሰፊው ግን አልሳቁም። ‹ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም› ብለው በሆዳቸው አሰቡ፤ ወዲያው ደግሞ ከዚህ ሱቅ ሥራ ባገኙት ገንዘብ ያስተማሯት እሳቸው መሆናቸውን አስታውሰው አፈሩ። እውነቱን ለመናገር የተቆጡት በእሷ አልነበረም። አንድ ሰው አራት ነገር ሲነግርህ አራቱም እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ከመሰሉህ ወይ ተናጋሪው ዋሽቷል፣ ወይ አንተ አልገባህም። ልጅቷ ዋሽታ አታውቅም። የቀረው ሁለተኛው ነበር፤ እሱን ደግሞ መቀበል ለሽማግሌ ቀላል አይደለም።

«ሐኪም ቤት እንሂድ» አለች ልጅቷ።

«አልሄድም።»

«ለምን?»

ልብስ ሰፊው ባልታመመው እጃቸው ጠመኔዋን አንስተው ጠረጴዛው ላይ መስመር አሰመሩ፤ የሚቆረጥ ጨርቅ ግን አልነበረም።

«ይቆርጡታል» አሉ በመጨረሻ። «ጫማ ሰፊውን ጓደኛዬን አይተሽዋል። ትንሽ ቁስል ነው ብሎ ገባ፣ አንድ እጁን አጥቶ ወጣ። እሱ በቀሪው እጁ ማስቲሽ ይቀባል። እኔ ያለዚህ ጣት ምን ነኝ?»

ልጅቷ አይቆርጡትም ልትላቸው ፈለገች፤ ደግሞም ይህን ብትላቸው ወዲያው ተነስተው በሄዱ ነበር። ግን አላለችም። «ይቆርጡት አይቆርጡት አላውቅም፣ ጋሼ» አለች። «የማውቀው እዚህ በተቀመጡ ቁጥር መቆረጡ እየቀረበ መሆኑን ነው።»

ከዚህ በኋላ ክርክር አልነበረም። እንፋሎት ኮታቸውን ከማንጠልጠያው አውርዶ አለበሳቸው፤ ቀኝ እጃቸው ጋ ሲደርስ እጅጌውን በሰፊው ከፍቶ እንደ ሕፃን አስገባላቸው።

ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ትሕትናው ግን ጥሩ ነበር። ጣቱን ከፍቶ መግሉን አፈሰሰ፤ ከመግሉም በጥጥ ነክሮ ወደ ላብራቶሪ ላከ። ከዚህ በፊት ምን እንደወሰዱ ሲጠይቃቸው በቀለም ነገሩት። ሐኪሙ በቀለም መድኃኒት እንደማይታወቅ ነገራቸው፤ አንዱ ፋብሪካ ቀይ ያደረገውን ሌላው አረንጓዴ ሊያደርገው ይችላል፤ ቀዩም አንድ ጊዜ የጉሮሮ፣ ሌላ ጊዜ ጨርሶ የሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ደግነቱ ልጅቷ ጣሳውን ይዛ ሄዳ ስለነበር ከማሸጊያቸው ስማቸውን አነበበችለት። ከዚያ ሐኪሙ ልብስ ሰፊውን ጨርሶ ግራ ያጋባ ነገር ተናገረ፤ መግሉ ስለወጣና ትኩሳት ስለሌለ፣ ውጤቱ እስኪታወቅ መድኃኒት አልሰጥም፣ ቢብስ ግን ወዲያው ይምጡ አለ። እንዲህ ያለ ትልቅ ሐኪም ቤት፣ መደርደሪያው ሁሉ መድኃኒት ሆኖ፣ እሳቸውን በንጹሕ ፋሻ ብቻ ሸኛቸው።

«እኔስ ቢያንስ አንድ ፍሬ ሰጥቼ ነበር የምልከው» አሉ ለእንፋሎት ሲመለሱ። «ባዶ እጅ ሰው አይሸኝም።»

ልጅቷ ጣሳውን መልሳ ቦታው ላይ ነበር ያስቀመጠችው። ካለፈቃዳቸው አልወስድም ብላለች። ይህም ግራ አጋባቸው። ክፉ ነገር ከሆነ ለምን ነጥቃ አትወስደውም? በመጠበቂያዎቹ ቀናት ሥራ ስለሌላቸው መኪናው ፊት ተቀምጠው መንገደኛ ያያሉ፤ እያዩም እጃቸው ወደ ጣሳው ትሄዳለች። አንድ ከሰዓት ክዳኑን ከፍተው አንዷን ሰማያዊና ነጭ መዳፋቸው ላይ አደረጓት። ቀላል ናት፤ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ። ዓይናቸው እሷ ላይ እንዳለ ትኋኖቹ ሽቶ ተቀብተው ሲመጡ ታዩአቸው። መልሰው ከተቷት። ለምን እንደመለሷት ቢጠየቁ አሳማኝ ምክንያት አልነበራቸውም፤ ልጅቷን አምነው ነው እንዳይባል አላመኑም፣ አላመኑም እንዳይባል ደግሞ አልዋጧትም።

ውጤቱ ሲደርስ ልጅቷ ራሷ መጥታ ወሰደቻቸው። ወደ ላብራቶሪው መግባት ክልክል ነው፤ ስለዚህ አለቃዋን አስፈቅዳ በኮሪደሩ መስኮት በኩል እንዲያዩ አደረገች። እሷ በውስጥ፣ እሳቸው በውጭ ሆነው፣ በመሀላቸው መስታወቱ ነበር። ክዳን ያላት ትንሽ ክብ ሰሃን አምጥታ ወደ ብርሃኑ አነሳችላቸው።

ልብስ ሰፊው መጀመሪያ ያዩት ቁልፍ መሰላቸው። በግራጫ ጨርቅ ላይ የተተከሉ ነጫጭ ቁልፎች። መነጽራቸውን አስተካክለው ጠጋ አሉ። ጨርቅ የመሰለው ነገር ሰሃኑን እንደ ጉም ሸፍኖታል። ከቁልፎቹ በአንዳንዶቹ ዙሪያ ግን ጉሙ የለም፤ ሰው በመቀስ ዙሪያውን አሳምሮ የቆረጠው ይመስል ንጹሕ ክብ አለ። በሌሎቹ ዙሪያ ጉሙ እስከ ቁልፉ ከንፈር ድረስ መጥቶ ተጣብቋል።

ልጅቷ ሰሃኑን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ወጥታ አጠገባቸው ቆመች።

«ግራጫው ምንድን ነው?» አሏት።

«ከጣትዎ የወጣው ጀርም ነው። የሚበላውን ሰጥተን አሳደግነው።»

«የእኔ ነው?»

«ከእርስዎ የወጣ ነው። ነጫጮቹ ወረቀቶች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ መድኃኒት ይዘዋል። መድኃኒቱ ከቻለው ጀርሙ አጠገቡ አይደርስም፤ ያን ንጹሑን ክብ ይተውለታል።»

«ቀይና ጥቁሩ የቱ ነው?»

በጣቷ አመለከተችላቸው። ጉሙ እስከ ከንፈሩ ነበር።

«ቢጫውስ?»

እሱም እንደዚያው። ልብስ ሰፊው ስለ ሰማያዊው ወዲያው አልጠየቁም። ያቺን መዳፋቸው ላይ አድርገዋት የነበረችውን አስበው ነው። ሲጠይቁም ድምፃቸው እንደ ልመና ነበር። ልጅቷ አሳየቻቸው፤ በሰማያዊው ዙሪያ ትንሽ ጠርዝ ብቻ ነበር፣ የተሸረፈ ይመስል።

«እንግዲህ እኔ በየቀኑ ስውጠው የነበረው...»

«ጀርሞቹ ሳይጎዱ ሲያልፉበት ነበር።»

ነርሶች በኋላቸው አለፉ። ከዚያ ልብስ ሰፊው ዳር ላይ ሰፊ ንጹሕ ክብ ያላትን አንዷን አዩ፤ ሰፊነቷ ከሁሉም ይበልጣል።

«ያቺስ ምን ዓይነት ቀለም አላት?»

«ቀለም የላትም፣ ጋሼ። በመርፌ የምትሰጥ ናት። ሐኪሙ የሚያዝልዎ እሷን ነው።»

«መርፌ ወጋኝ፣ መርፌ ያድነኝ» አሉ፤ ግን ለቀልድ አልነበረም። ቆይተው አንድ ጥያቄ ጨመሩ። «እኔ ነኝ ያለማመድኳቸው?»

«አላውቅም። የለመደ ጀርም ከሌላ ሰው ሊመጣብዎ ይችላል፤ በእጅ፣ በልብስ፣ በበር እጀታ። ሲደርስብዎ ለምዶም ሊሆን ይችላል፣ እዚህ ለምዶም ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው የአንድ ሰው ጣሳ የአንድ ሰው ጉዳይ የማይሆነው።»

«አንድ ሕንጻ ሙሉ ትምህርት ቤት ከፍተንላቸዋል በዪኛ» አሉ ልብስ ሰፊው። «ዘበኛውም እኔ ነበርኩ።»

ልጅቷ አላጽናናቻቸውም፤ አልወቀሰቻቸውምም። እሷም ከዚያ ጣሳ እየዋጠች ያደገች ናት። ሰዎቹ ክፉ ስለሆኑ አልነበረም ይህ የሆነው፤ ይልቁንም ደግ ስለነበሩ፣ ካላቸው ላይ ለጎረቤት ማስተረፍ ስለሚወዱ ነው። ደግነት መንገድ ሲስት ከክፋት ይልቅ ለመመለስ ያስቸግራል፤ ክፋትን ሰው ደብቆ ይሠራዋል፣ ደግነቱን ግን ልጁንም ያስተምረዋል።

መርፌው ሠራ። ልብስ ሰፊው በየቀኑ እየሄዱ ተወጉ፤ እብጠቱ ጎደለ፣ ተመልሶም አልመጣም። ሲሻላቸው ሊያቆሙ አስበው ነበር፤ እሳቸው ሳይሆኑ ልማዳቸው ነው ያሰበው። ሐኪሙ ባለው ቀን ነው ያቆሙት። ጣቱ አልተቆረጠም። የላይኛዋ አንጓ ግን እንደ ድሮው አትታጠፍም፤ ስለዚህ መርፌውን በቀለበት ጣታቸው መግፋት ይለማመዱ ጀመር። የመምህሩ ኮት አንድ እጅጌ ገባለት።

ሁለተኛውን እጅጌ በያዙበት ማለዳ ልጅቷ እንደ ልማዷ ወደ ሥራ ስትሄድ ጎራ አለች። እንፋሎት የአልጋ ልብስ እየተኮሰ ነው። እሷ በርጩማ ላይ እንደ ተቀመጠች ከጎን ያለው የጸጉር ቤት ባለቤት ሽርጧን ሳታወልቅ ገባች።

«እንደምን አደራችሁ። ጋሼ፣ ከቀዮቹ ሁለት ፍሬ ብቻ። ልጄ ሲያስል አደረ።»

የእንፋሎት እጅ እንደ ድሮው ወደ መደርደሪያው ተነሳች።

«ተወው» አሉ ልብስ ሰፊው።

ሴትዮዋ አንዴ እሳቸውን አንዴ እንፋሎትን አየች። ከዚህ ጣሳ ተከልክሎ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። «ምነው? አልቋል?»

«አላለቀም። አልሰጥሽም።»

«የተረፈኝን አምጥቼ ስጨምር ‹እግዜር ይስጥልኝ› ያሉኝ እርስዎ አይደሉም? አሁን ሁለት ፍሬ ተነፈግሁ?»

ፊቷ ሲለወጥ ልብስ ሰፊው ተጨነቁ። መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክተው ወንበር ሳቡላት። ከዚያ መናገር ጀመሩ፤ አነጋገራቸው ግን የተሰፋ ልብስ ሳይሆን ገና በክር የተያያዘ ነበር። ስለ ትኋን ጀመሩ፣ ስለ ሰሃኑ አወሩ፣ ጉሙን ቁልፍ፣ ቁልፉን ጉም አሉ፣ ተመልሰው አረሙ። ሴትዮዋ ልጇና ትኋን ምን እንደሚያገናኛቸው ጠየቀች። እንፋሎት ስለ ትኋኑ እሱ የተሻለ እንደሚያስረዳ ተናገረ። ልጅቷ አፏን ከፈተች፣ ከዚያ ተወችው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ጣልቃ ገብታ ልጁ ትንፋሹ ይፈጥን እንደሆነ፣ የሚጠጣ የሚጫወት እንደሆነ ጠየቀች። ይጠጣል፣ ትናንት ማታም ሲፈነጭ ነበር ተባለች። እንግዲያው ጉንፋን ሳይሆን አይቀርም፤ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ትኩሳቱ ካልለቀቀው ግን ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ይታይ አለቻት።

«ባለፈው ግን ሁለቱን ሰጥቼው በማግስቱ ተነሳ» አለች ሴትዮዋ።

«ሳትሰጪውም ይነሳ ነበር» አሉ ልብስ ሰፊው።

«እርስዎ በምን አወቁ?»

«አላወቅሁም። አንቺም አላወቅሽም። ያን ጊዜ ሁለታችንም ሳናውቅ ነው የሰጠነው። አሁን የማውቀው ይህን ብቻ ነው።» የማይታጠፈውን ጣታቸውን አነሱላት። «ይህ ጣት ሦስት ቀለም ተሞክሮለት አልዳነም። ያዳነው አራተኛው፣ መርፌው ነው። አራተኛው ባይኖርስ? እንዲህ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፤ ዛሬ ሻል አለው ትያለሽ፣ ነገ ትንሽ፣ ከነገ ወዲያ የሚሠራ ታጪያለሽ።»

«ስለዚህ ልጄ ያስል?»

«ይሳል። ሳል ከሆነ ራሱ ይሄዳል። ልጅሽ አንድ ቀን እውነተኛው ሲመጣበት፣ ሳንባው ሲታመም፣ ያን ጊዜ መድኃኒቱ ሲገባ ጠላቱ እንዳይስቅበት ነው የምከለክልሽ። አንቺም ስትወልጂ፣ እንፋሎትም ሆዱን ሲቀደድ...»

«እኔን ለምን ይቀድዱኛል?» አለ እንፋሎት።

«ለምሳሌ ነው፣ አንተ ሰው። ሐኪም ቆርጦ የሚሰፋው ቁስሉ እንደማይመግል መድኃኒቱን ተማምኖ ነው። መድኃኒቱ ከሞተ መቀሱም አብሮ ይሞታል። ይህን ብንጠብቅ ሐኪሙ ሲያዝ ያዘዘው ይሠራል፤ የሕንጻው ልጆች ሲያድጉም ይሠራል። እሱ ነው እውነተኛው ማስተረፍ። እኛ ግን ፍሬውን እያስተረፍን መድኃኒቱን ጨረስነው።» እዚህ ጋ ራሳቸው የተናገሩት ገረማቸው፤ ትክክል መሆኑንም እርግጠኛ ስላልነበሩ ቀስ ብለው በልባቸው ደገሙት። ትክክል መሰላቸው። «ያልገባኝ ገና ብዙ አለ» አሉ። «ብቻ ያየሁትን አይቻለሁ።»

ሴትዮዋ ጣቱን አየች። ከዚያ እጇን ዘርግታ በእርጋታ ነካችው፤ አንጓዋን ልታጥፍ ሞከረች፣ አልታጠፈችም። በቤቷ ደግሞ ገና ያልመጣ ትርፍ መድኃኒት እንዳላት ተናግራ፣ እሱን ምን እንደምታደርገው ጠየቀች።

«ለእሷ ስጫት» አሉ ልብስ ሰፊው ወደ በርጩማው ሳይዞሩ። «የእኔንም ጣሳ ጨምራ መድኃኒት ቤት ትወስደዋለች። በሥርዓት ያስወግዱታል።»

«መጣል በሉት እንጂ» አለ እንፋሎት።

«ማስወገድ ነው የሚባለው። ለልጁ የሞቀ ነገር አጠጪው፤ ማታ ትንፋሹን አዳምጪ። ካሳሰበሽ እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ መስኮቱ የት እንደሆነ አውቀዋለሁ። ሐኪሙ ባዶ እጅሽን ቢሸኝሽም አትቀየሚው፤ እኔ ተቀይሜው ነበር። ቆዪ፣ የምለውን ላሳይሽ።»

እጃቸውን ከጥቁሩና ከቡናማው ቁልፍ አልፈው ወደ መደርደሪያው ጫፍ ሰደዱ፤ ባዶ እንጨት ነኩ፤ ነገራቸውን ሳያቋርጡም እጃቸውን መልሰው መርፌውን አነሱ። እንፋሎት ካውያውን የአልጋ ልብሱ ላይ ጫነ፤ እንፋሎቱ በሩን ሸፈነው። ልጅቷ ይህን ሰምታ ከመደርደሪያው ያወረደችው ጣሳ ያለበትን ቦርሳ በትከሻዋ አድርጋ፣ የተሰቀሉትን ልብሶች ገለል አድርጋ፣ ወደ ሥራዋ ወጣች።